የገስግስ አፈርሳታ

ገስግስ የሚባለው ዳማ ፈረስ ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ መቶ አሥራ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ወድቆ ሞተ። የፈረስ ግልቢያ ጉባኤው መግለጫ «ያልተጠበቀ ሞት» ይላል። በዚህ የውድድር ዘመን ብቻ በዘንገና ግልቢያ የሞቱት ፈረሶች ከእሱ ጋር አሥራ ሁለት ሆኑ። አሥራ ሁለት ጊዜ ሙሉ አልጠበቅንም። እንግዲህ እኛ ምን የምንጠብቅ ሰዎች እንደሆንን እግዜር ይወቀው።

እኔ ዶክተር አንጓች ባንቴ እባላለሁ፤ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ገስግስን ለመጨረሻ ጊዜ «ይለፍ» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ደግ ስለሆንኩ አይደለም። ሌላው ሰው ሁሉ ነገሩን ከመሐል ስለሚጀምር ነው።

ግልቢያው በአንድ ቀን መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ነው። በየሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትሩ የሕክምና በር አለ። ፈረሱ ይቆማል፣ ኮርቻው ይወርዳል፣ እኔ አንገቱ ላይ የታሰረውን የልብ ምት የሚለካ አንገትጌ አያለሁ። ልብ በሉ፣ አያለሁ ነው ያልኩት። ለሐኪም ፈረስ መንካት ከተከለከለ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። አንዱ ሐኪም ነክቶ «ደህና ነው» ሲል ሌላው ነክቶ «ታሟል» እያለ ጭቅጭቁ ስለበዛ፣ የማይጨቃጨቅ አንገትጌ ተገዛ። አረንጓዴ ከሆነ ያልፋል፣ ቀይ ከሆነ ይቀራል። ስድስት ዓመት እንስሳት ሕክምና ተምሬ የሠለጠንኩት ቀለም ለመለየት ነው ማለት ነው።

የገስግስ ጋላቢ ሱራፌል ዘገየ ይባላል፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ አባቱ የሦስት ሆቴል ባለቤት ነው። በግልቢያው ዓለም ግን ሱራፌል ብሎ የሚጠራው የለም። ሰው በፈረሱ ስም ነው የሚጠራው፣ እንደ ጥንቱ፣ አባ እገሌ እየተባለ። በጥንቱ ጊዜ ግን አንድ ሰው አንዱን ስም ይዞ ነበር የሚቀበረው። ሱራፌል በጥቅምት አባ ደምስስ ነበር፣ በጥር አባ መብረቅ ሆነ፣ በሚያዝያ ደግሞ አባ ገስግስ። ጥልፍ የሚሠራለት ሰውዬ ብልጥ ነው፤ ጃኬቱ ላይ «አባ»ን በክር ሰፍቶ የቀረውን የሚነቀል አድርጎለታል።

ፈረሱን ያሳደጉት ባልደራሱ አያ ላቀው ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጆቻቸው ለበዓል ብቻ ይደውላሉ። ቤታቸው ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ነፍስ ያላት ወለላ ብቻ ነች፣ የገስግስ እናት፣ የስምንት ወር እርጉዝ ባዝራ። ገስግስን ለሱራፌል አባት ከሸጡ በኋላ እንኳ ፈረሱን ጥለው መሄድ አቅቷቸው፣ ባልደራስ ሆነው አብረውት ተቀጠሩ።

ፈረሱ በወደቀ በሩብ ሰዓት ውስጥ ቢጫው ገመድ ተዘረጋ፤ አፈርሳታ ተጠራ።

አፈርሳታ ድሮ፣ ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል፣ አገሬው አንድ ሜዳ ላይ ተከቦ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ የማይሄድበት ሸንጎ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት መልሰው አመጡት። «ጥፋት ያለ ባለቤት አያድርም» የሚል አዋጅ ወጣ፣ ሰውም ወደደው። አሁን የማንቀመጥበት ነገር የለም። ባለፈው ሳምንት የእኛ ሕንፃ አሳንሰር ለአሥር ደቂቃ ቆሞ ሦስት ሰዓት ተከበብን። ጥፋቱ በመጨረሻ ያረፈው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ታማ የተኛች ሴትዮ ላይ ነው፤ እሷ ብቻ ናት ያልተገኘችው። ጎረቤቶቼ፣ ባልና ሚስት፣ ለወጥ ጨው መብዛት ተቀምጠው የሰባት ዓመት ልጃቸውን ጥፋተኛ አድርገዋል። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ታጣፊ በርጩማና ቆሎ ይዞ ነው፤ የት እንደሚከበብ አያውቅማ።

ያን ቀን የተከበብነው አርባ ሦስት ነበርን። ጋላቢዎች፣ ባልደራሶች፣ ውሃ አመላላሾች፣ የጉባኤው ሰዎች፣ እኔ። ፈረሱ ከገመዱ ውጭ በሸራ ተሸፍኖ ተኝቷል። እሱ ብቻ ነፃ ነበር።

የጉባኤው ሊቀመንበር አቶ መኳንንት ድረስ ነው። ድምፁ ቅቤ የተቀባ፣ ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው። «ወገኖቼ» ብሎ ጀመረ፣ «ሁላችንም አዝነናል።» ሁላችንም በርጩማችንን ዘረጋን። ሱራፌል የመከላከያ ቆቡን አቅፎ ያለቅሳል፤ ካሜራው ሲያልፈው ያቆማል።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ገብቶ ለወፏ ይናገራል። ድሮ በአፈርሳታ ላይ በስውር የሚጠቁመውን ሰው «ወፍ» ይሉት ነበር። አሁን ወፏ ግራጫ ሣጥን ናት። የሁሉንም ሰምታ፣ ከአንገትጌውና ከቀረጻው ጋር አመሳክራ፣ አንድ ስም ትናገራለች። ስሙ ከመታተሙ በፊት አንድ ሰው ብድግ ብሎ «እኔ ነኝ» ማለት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም።

ክፍሏ ውስጥ ገብቼ ሱራፌልን ጠራሁ። እውነት ነው፣ ፈረሱን ከመቶኛው ኪሎ ሜትር ጀምሮ ሲጋልበው የነበረው እንደ ሞተር ነው። ግን እኔ እሱን የጠራሁት ለእውነት ብዬ ነው? ድንቄም! በሦስተኛው የሕክምና በር ላይ የሆነውን ስለማውቅ ነው።

የሆነው ይህ ነው። ገስግስ መቶ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ገባ። ላቡ ቆዳው ላይ ደርቆ ነጭ ሆኗል። አንገትጌው አረንጓዴ ነው። አያ ላቀው ጆሯቸውን ከፈረሱ ጎን ላይ አንስተው «እታለም» አሉኝ፣ «ሆዱ ዝም ብሏል እኮ።»

የሕክምና በር ውስጥ ድምፅ አይቀዳም፣ የልብ ምት ንባብ ይረብሻል ተብሎ። ከካሜራው ጀርባ ዞርኩና ጓንቴን አውልቄ ነካሁት። የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጬ ለቀቅኩ፤ እንደተቆነጠጠ ቀረ። ድዱ የጡብ ቀለም ይዟል። ጆሮዬን ጎኑ ላይ አደረግሁ። የደህና ፈረስ ሆድ ሁልጊዜ ይንጫጫል። የእሱ ሆድ ባዶ ቤት ነበር። በአሥር ሰከንድ ውስጥ አወቅሁ።

ማስቆም እችል ነበር። ቅጹ ላይ ምክንያት መጻፍ ብቻ ነው የሚፈለገው፤ ግን «በእጄ ነክቼ» የሚል ምክንያት ቅጹ ላይ የለም። በጥር አንዲት ፈረስ እንዲህ በእጄ አውቄ አስቁሜ ነበር። ፈረሷ ዳነች። የዳነች ፈረስ ደግሞ ለምንም ማስረጃ አትሆንም። አፈርሳታ ተጠርቶ «ከልክ ባለፈ ጥንቃቄ» ጥፋቱ የእኔ ሆነ። ሁለተኛ ቢደገም ፈቃዴ ይነጠቃል። ይህ ሁሉ በአእምሮዬ አለፈና ጓንቴን መልሼ አጠለቅሁ።

«አንገትጌው አረንጓዴ ነው፣ አያ» አልኳቸው።

አያ ላቀው እጄን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ኮርቻውን አንስተው ጫኑ። ከሰባት ኪሎ ሜትር በኋላ ፈረሱ ወደቀ።

እኔ ሰው የምንቅ ሴት ነኝ፤ አልደብቅም። መኳንንትን እንቃለሁ፣ ሱራፌልን እንቃለሁ፣ ቀለም አይተው የሚያሳልፉትን የሥራ ባልደረቦቼን እንቃለሁ። እነሱ አይነኩም፤ እኔ እነካለሁ እያልኩ ነበር የምኮራው። ስውር ኩራት ነበረችኝ።

ወፏ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተናገረች፤ በሴት ድምፅ፣ የአውሮፕላን በረራ እንደምታስተዋውቅ። «ከአርባ ሦስት ሰዎች አርባ አንዱ የጠሩት ስም፣ ባልደራስ ላቀው ተሰማ።»

እርግጥ ነው። ከአሥራ አንዱ ፈረሶች በዘጠኙ ጥፋተኛው ባልደራሱ ነበር። ውሃ ሰጠ፣ ውሃ ከለከለ፣ ቶሎ አበረደ፣ ዘግይቶ አበረደ። ባልደራስ ሁልጊዜ የሆነ ነገር አድርጓል፤ ከፈረሱ አጠገብ የሚገኘው እሱ ብቻ ነዋ!

ባለጥፋት ሰው ኮቴ ያለው እንስሳ ማሳደር አይችልም። ወለላ ወደ ጋራ በረት ትወሰዳለች ማለት ነው። ወደ ጋራ በረት ሲገባ እንጂ ሲወጣ የታየ ፈረስ የለም። አያ ላቀው ይህን ያውቃሉ። ስማቸው ሲጠራ አልተቆጡም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና «ወለላስ?» ብለው ብቻ ጠየቁ፣ ማንን እንደሚጠይቁ ሳያውቁ።

ሱራፌል ዕንባውን ጠርጎ «ላቀው፣ እኔ እኮ አምኜህ ነበር» አላቸው። የልጅ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ልጅ! የተነሳሁት በንዴት ነው፣ በጽድቅ አይደለም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ቆሎ የሚቆረጥሙ ሁሉ አፋቸው ቆመ። መኳንንት ፈገግ አለ፤ ሲደነግጥ ፈገግ ይላል። «ዶክተር፣ ደክሞዎታል፤ ይቀመጡ» አለኝ።

«አልደከመኝም። ነካሁት። ቆዳው አልተመለሰም፣ ሆዱ ዝም ብሎ ነበር። እንደሚሞት አውቄ አሳለፍኩት። እሳቸው ነግረውኛል፤ እኔ ነኝ ችላ ያልኳቸው። ስሜን ጻፉ።»

«መነካካት ማስረጃ አይደለም እኮ፣ ዶክተር።»

«ወንጀል ከሆነ ማስረጃ እንዴት አይሆንም?»

የተከበበው ሁሉ አጉረመረመ። ለእኔ አዝነው እንዳይመስላችሁ። ሐኪሟ ጥፋተኛ ከሆነች ያን ቀን ያሳለፈቻቸው ሠላሳ አንድ ፈረሶች ሁሉ ውጤታቸው ይሰረዛል። ግልቢያው ይሰረዛል። አንገትጌው አረንጓዴ እያለ ፈረስ እንደሚሞት ይታወቃል። አንድ ወፍራም ጋላቢ «ሴትዮዋ አብዳለች፤ አስወጧት!» አለ። ማንም እንደማይወጣ ረስቶት ነው። ሱራፌል ግን ገባው። ከመሞታቸው በፊት ደምስስንም መብረቅንም ያሳለፍኩለት እኔ ነበርኩ፤ ፊቱ አመድ ሆነ።

መኳንንት ዕረፍት ጠራ። ከሦስት ሰዎች ጋር ገመዱ ጥግ ሄዶ ተንሾካሾከ። ሲመለስ ድምፁ ላይ ቅቤው በዝቶ ነበር።

«ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ዘንግተናል» አለ። «በዚህ አገር ፈረስ ሲሞት ባልደራሱ ተነስቶ ያወድሰዋል። ይህ ገስግስ ሳይወደስ ሊቀበር ነው እንዴ? አያ ላቀው፣ ይነሱ። የፈረስዎን ወግ ያድርሱለት።»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደስ አለኝ። መኳንንትም ሰው ነው ለካ ብዬ ለአንድ ደቂቃ አሰብኩ። ያቺን ደቂቃ እስካሁን ይቅር አላልኳትም።

አያ ላቀው ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ድምፃቸው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሜዳውን ሞላው።

«ገስግስ! የዳማ ዳማ! ዳገት የማያውቅ፣ ቁልቁለት የማይቆጥር!» አሉ። «አለንጋ ሳይመዘዝ የሚሄድ! ሚስማር ኮቴው ውስጥ ገብቶ ሦስት ቀን ያላነከሰ! ሆዱን ቆርጦት ገለባውን ደህና መስሎ የሚበላ! ሕመሙን ለሰው የማያሳይ፣ ጌታውን የማያሳፍር! ከማን ወሰደው? ከእናቱ ነዋ! ወለላ ስትወልደው ትንፍሽ ያላለች! ጅብ ጭኗን ቦጭቋት ቆማ ያደረች! ዘሩ ነው፣ ደሙ ነው! አላሳየም፣ አያሳዩም!»

ሰው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። አንድ ባልደራስ መሬት እየመታ «በለው!» አለ። አያ ላቀው ላባቸው በፊታቸው እየወረደ፣ ወጣት መስለው ቆሙ።

መኳንንት ብቻ አላለቀሰም። ወደ ግራጫዋ ሣጥን ዞሮ በለሰለሰ ድምፅ «ተመዝግቧል?» አለ።

«ተመዝግቧል» አለች ወፏ። ከዚያ አመሳከረች። «ከአንገትጌው ንባብ ጋር ይስማማል። ሟቹ ሕመሙን ደብቋል። ባልደራሱ፣ ሐኪሟና አንገትጌው በሟቹ ተታለዋል። ባለጥፋት፦ ገስግስ። የጥፋቱ ዓይነት፦ ሕመም መደበቅ። ምንጩ፦ የእናት ዘር።»

ከዚያ ተጨበጨበ። ጉድ እኮ ነው፣ ተጨበጨበ! አርባ ሦስት ሰው በአንድ ቃል ከጥፋት ነፃ ወጣ። ግልቢያው አልተሰረዘም፣ ፈቃዴ አልተነጠቀም፣ አንገትጌው አልተወቀሰም። ያ ወፍራም ጋላቢ አቀፈኝ። ሱራፌል የአያ ላቀውን እጅ ሊስም ጎንበስ አለ። እሳቸውም ግራ ተጋብተው ፈገግ አሉ፣ ጥፋቱ ከስማቸው ስለተነሳላቸው።

የፍርዱን ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር መኳንንት ያነበበው ሰው በርጩማውን ሲያጣጥፍ ነው። «በደንቡ መሠረት የጥፋቱ ምንጭ የሆነው ዘር ይቋረጣል። ባዝራዋ ወለላና በሆዷ ያለው። ሰኞ፣ በወረዳው ሐኪም እጅ።»

የወረዳው ሐኪም እኔ ነኝ።

«እንዴ!» አሉ አያ ላቀው። «እኔ እኮ ያወደስኩት ነው። ወግ ነው እኮ። አሞግሼ ነው!» አንዱን እጅጌ ያዙ፣ ሌላውን ያዙ። ሰው ዓይኑን እየሰበረ ገመዱን ተሻግሮ ሄደ። የሚያሳዝን ነገር አልነበረም ለእነሱ፤ ለአሥራ ሁለቱ ፈረሶች ቀድመው አልቅሰዋል።

መኳንንትን ተከትዬው ሄድኩ። «አቶ መኳንንት፣ እኔ ጥፋቴን አምኛለሁ» አልኩት።

«ዶክተር፣ ማመን ጥሩ ነገር ነው» አለኝ መኪናው ውስጥ እየገባ። «ግን የሚቀበልዎ ሰው ያስፈልጋል።»

እሑድን ቤቴ ተቀምጬ ዋልኩ። እምቢ ማለት እችል ነበር። እምቢ ያለ ሐኪም ምንም አይሆንም። ሌላ ይላካል፣ ያውም ከአውራጃው ያ እጁ ከባድ የሆነው። እኔ ብሄድ ቢያንስ አትሠቃይም ብዬ አሰብኩ። ይህን ምክንያት ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እስቅበት ነበር። ራሴ ስነግረው ግን ጥሩ ምክንያት መሰለኝ።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። የአያ ላቀው ግቢ የቀርቀሃ አጥር ነው። ወለላ ከዋርካው ሥር ቆማለች፣ ሆዷ ወደ ጎን ገፍቶ። ታጥባለች፣ ጋማዋ ተጎንጉኗል። እሳቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ ለሰላምታ ተነሱ፤ ለእኔ መነሳታቸው አሳፈረኝ።

«መጣሽ እታለም» አሉ።

«መጣሁ አያ። ይቅር ይበሉኝ።»

ተመልሰው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሲናገሩ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ያልገባቸውን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ነው የተናገሩት።

«ወፏ ጋ ገብቼ ራሴን ነው የጠራሁት፣ ታውቂያለሽ? ልገታው ነበር እኮ። ሆዱ ዝም ሲል ኮርቻውን ልደብቀው ነበር፣ ልጁ ይምታኝ ብዬ። ‹መንገድ ላይ እተኛለሁ እንጂ አይሄድም› ብዬ ነበር በልቤ። ከዚያ አንቺ ጓንትሽን አወለቅሽ። አሥራ አራት ዓመት አንድ ሐኪም ፈረስ በእጁ ሲነካ አላየሁም። ጆሮሽን ሁሉ አስጠጋሽው። ‹እንግዲህ እሷ በእጇ ነክታው ይለፍ ካለች፣ ያረጀው የእኔ ጆሮ ነው› አልኩ። ለዚያ ነው የጫንኩት። አንገትጌውንማ መቼ አምኜው አውቃለሁ?»

ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሌሎቹ ሐኪሞች ቀለም አይተው ያሳልፋሉ፤ ቀለሙን ደግሞ አያ ላቀው አያምኑትም። እኔም እንደ ሌሎቹ ባልነካው ኖሮ ገስግስ ዛሬ በሕይወት ነበር።

«ሌላ ሐኪም ይምጣ ልበል፣ አያ?» አልኳቸው።

«እጁ ከባድ ነው የሚሉት ሰውዬ?» አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተይው። አንቺ አድርጊው።»

ልጓሟን ራሳቸው ያዙ። ጓንቴን አወለቅሁና እጄን አንገቷ ላይ አሳረፍኩ፣ የደም ሥሯን ለማግኘት። እንግዳ ሰው ሲቀርባት ትነክሳለች ይሉኝ ነበር፣ ጆሮዋን ትጥላለች ይሉኝ ነበር። እጄ ሲነካት ግን ረጅም ትንፋሽ አውጥታ፣ ግንባሯን ደረቴ ላይ አሳረፈች። እሷም አመነችኝ።